ለማያውቋት ሴት ይህን ሁሉ?

እናቴ ስቶክሆልም ልትጠይቀኝ የመጣችው በነሱ ክረምት ነው፣ ታህሳስ ላይ፣ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ላሽ በምትልበት ሰሞን። ውጪ እንዳትወጣ በረዶው ያንሸራትታታል፣ ቴሌቪዥኑ አይገባትም፣ ዩቲዩብ ላይ ያለውን ድራማ ሁሉ ጨርሳዋለች፣ ስለዚህ ቤቴን መመርመር ጀመረች። ቁም ሳጥን፣ ኪችን፣ ፍሪጅ (ፍሪጁ ላይ ብዙ አስተያየት ነበራት)፣ መጨረሻ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ደረሰች።

"ይሄ ሁሉ ስለምንድነው?"

"ስለ ግድያ።"

"ሁሉም?"

"ወደ ሁሉም።"

አማተበች። "እና አንቺ ይሄን አንብበሽ ነው የምትተኚው?"

ሳቅኩ እንጂ አልመለስኩላትም። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ የተዘጋጀ መልስ አለኝ፣ ሁሉም የሚለውን፣ ጨለማው፣ ብርዱ፣ ዝምታው፣ ኖርዲክ ኑዋር (የሰሜን አውሮፓ አገሮች የወንጀል ልብ ወለድ) ምናምን፣ ከውጪ ንፁህ የሆነ አገር ውስጡ ሲበሰብስ ማየት ይስባል ምናምን። እናቴ ፊት ግን ይሄ አይወራም። እሷ ሰው ሞተ ከተባለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳትጠራ የምትደርስ ሴት ናት፣ ሞት እንዴት መዝናኛ እንደሚሆን ላስረዳት ብሞክር እኔው ነኝ የማፍረው።

የገባሁበትን መንገድ ላሳጥረው። አዲስ መጤ ሁሉ በሚማርበት የስዊድንኛ ትምህርት፣ ኤስኤፍኢ በሚባለው፣ በቀላል ቋንቋ የተጻፉ ስስ ስስ መጻሕፍት ይሰጡናል፣ ግማሹ የፖሊስ ታሪክ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ታሪኩ ልብ አንጠልጣይ፣ ስለዚህ ቋንቋውን ከፖሊስ ተማርኩ ማለት ይቻላል፣ ካሮትን በስዊድንኛ ምን እንደሚሉት ሳላውቅ "ታንቃ ተገድላለች" ማለት እችል ነበር። ከዛ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መርዳት ስጀምር አንዲት ጡረታ የወጡ ሴትዮ፣ በጣም አንባቢ፣ በሄድኩ ቁጥር ገጻቸው ቢጫ የሆነ መጻሕፍት እያወጡ ውሰጂ ይሉኝ ጀመር። "መጀመሪያ እነዚህን ነው የምታነቢው፣ የአሁኖቹ ደም ብቻ ናቸው" አሉኝ። ልክ ነበሩ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። አንድ ማታ ቡና ጠጥተን "እስቲ አንዱን አውሪልኝ፣ ምን እንደሚጥምሽ ልየው" አለችኝ። ያወራሁላት ሴትዮዋ መጀመሪያ የሰጡኝን ነው፣ «ሮሴአና»ን። ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ የሚባሉ አብረው የሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች ማታ ማታ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ምዕራፍ ምዕራፍ እየተከፋፈሉ የጻፉት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ። (ከዚህ በኋላ ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ በኛ ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ፣ በብርሃን፣ ዮታ በሚባለው ቦይ ጀልባዎች በሚያልፉበት የውሃ በር አጠገብ፣ ደለል የሚጠርግ ማሽን የአንዲት ሴት እርቃን አስከሬን ይዞ ይወጣል። ማን እንደሆነች አይታወቅም፣ ልብስ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ ልጄ ጠፋችብኝ ያለ ቤተሰብ የለ። ከስቶክሆልም ማርቲን ቤክ የሚባል መርማሪ ይላካል። ከዛ ምንም አይፈጠርም። የምሬን ነው፣ ለብዙ ገጽ ምንም አይፈጠርም፣ ሰውዬው ፎቶዋን እያየ ይቀመጣል፣ ስልክ ይደውላል፣ ወረቀት ያገላብጣል፣ ይበርደዋል፣ ያስለዋል፣ ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ወሩ ወራት ይሆናል። አንድ ቀን ከአሜሪካ፣ ከነብራስካ፣ ቴሌግራም ይመጣል፣ ልጅቷ የዛ ሰው ናት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ለሽርሽር የመጣች። የተሳፈረችበት መርከብ ሰዎች ግን እስከዛ ድረስ በየአገራቸው ተበትነዋል። ማርቲን ቤክ ምን ያደርጋል፣ ተሳፋሪዎቹ ያነሱትን ፎቶ ከየአገሩ ያስለቅማል፣ በሰው የሽርሽር ፎቶ ጥግ ላይ እሷን ይፈልጋል፣ ከጎኗ የቆመውን ሰውዬ ይፈልጋል።

እዚህ ጋ እናቴ አቋረጠችኝ።

"ዘመዷ ነው?"

"ማን?"

"ፖሊሱ። ለልጅቷ።"

"አይደለም እማ፣ አያውቃትም።"

"ታዲያ ማን ልኮት ነው? ቤተሰቦቿ ባለገንዘብ ናቸው?"

"ማንም አልላከውም። ሥራው ነው።"

ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። "ለማያውቋት ሴት ይህን ሁሉ" አለች፣ ለኔ አልነበረም የምትናገረው። ከዛ ወንድሟን በስሙ ጠራችው፣ በ1969 ዓ.ም. የወሰዱትን ታላቅ ወንድሟን፣ ስሙን ከአፏ ስሰማ እኔ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። "የኛን በር ሊወስዱት አንኳኩ እንጂ ሊጠይቅ ያንኳኳ የለም።"

ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳልነግራት ቀረሁ፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ፖሊሱ ጨጓራውን ያመዋል

ይሄ ነገር ከዛ ወዲህ አለቀቀኝም። የስንት ዓመት የንባብ ሱሴን እናቴ በአንድ ጥያቄ ነው የገለጠችው። ጨለማው አልነበረም የያዘኝ። ጨለማማ ቢሆን «ሮሴአና» የሚጀምረው በሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ስዊድን ውስጥ በዛ ወር ሌሊቱ ራሱ በቅጡ አይጨልምም። ደሙም አይደለም፣ እንዲያውም ደም የበዛበትን እዘላለሁ። የያዘኝ ሞቷ ጠያቂ ያላት መሆኑ ነው። አንድ የማያውቃት ሰው፣ ደሞዝተኛ ሰው፣ ገዳይዋ እስኪገኝ እንቅልፍ የሚያጣ መሆኑ።

ማርቲን ቤክ ደግሞ ጀግና ቢሆን አላምነውም ነበር። ጨጓራውን ያመዋል፣ ጉንፋን አይለቀውም፣ ትዳሩ ቀዝቅዟል፣ ቤቱ ገብቶ የመርከብ ሞዴል ይገጣጥማል። ከሱ በኋላ የመጣው የሄኒንግ ማንኬል ኩርት ቫላንደርም ያው ነው፣ የተፋታ፣ ስኳር ያለበት፣ ኦፔራ እየሰማ የሚነዳ፣ ከአባቱ ጋ የማይግባባ። እኛ እኮ የፖሊስ መኪና ሲቆም መጋረጃ የምንዘጋ ሰዎች ነን። ፖሊስ ሆዱን ሲያመው፣ ሲያፍር፣ በሰው ሞት ሲያዝን አይተን አናውቅም። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ የፖሊስ ፕሮግራም እሰማ ነበር፣ ትዝ የሚላችሁ አላችሁ፣ ግን እዛ ላይ ሁሌም የሚናገረው የተያዘው ሰው ነው፣ ተጸጽቻለሁ፣ ወጣቶች ከኔ ተማሩ ይላል። ሟቹ ማን ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንም አያነሳውም። እነዚህ ጨጓራቸውን የሚያማቸው መርማሪዎች ግን ሟቿ ምን አይነት መጽሐፍ ታነብ እንደነበር ሁሉ ይጠይቃሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ ማርቲን ቤክ ሁለቱንም ነው፣ ሞኝም ነው ወረቀትም ነው።

አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ደራሲዎቹ ይሄን እንዳስብ አልነበረም የጻፉት። ሾቫልና ቫሉ ግራ ዘመም ነበሩ፣ የለየላቸው ማርክሲስቶች። ከ1965 እስከ 1975 አሥር መጻሕፍት አቅደው ጻፉ፣ አሥሩም አንድ ላይ የአንድ ወንጀል ታሪክ ናቸው ብለው ሰየሙት፣ ወንጀሉ ደግሞ በነሱ ዓይን የስዊድን መንግሥት ሠራተኛውን መክዳቱ ነው። የስዊድን ፖሊስ በየከተማው አስተዳደር ሥር መሆኑ ቀርቶ በማዕከል የተጠቃለለው በ1965 መጀመሪያ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ፖሊሱ እንዴት እየወፈረ፣ እየታጠቀ፣ ከሕዝቡ እየራቀ እንደሄደ ያሳያሉ። አሥረኛው መጽሐፍ ላይ መንግሥት የበደላት አንዲት ወጣት ጠቅላይ ሚኒስትሩን በጥይት ትገድላለች። ቫሉ በዛው በ1975 ሞተ፣ ሾቫል እስከ 2020 ኖራለች።

መጻሕፍቱን የሰጡኝ ሴትዮ ያነበቡት እንደዛ ነው፣ እንደ ክስ። ስናወራ ይናደዳሉ፣ አገሬን እንዴት እንዳበላሿት እያሉ፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ፣ የተዘጋው ፖስታ ቤት፣ ሁሉም እዛ መጽሐፍ ውስጥ ተነግሮ ነበር ይላሉ። እኔና እናቴ ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ይዘን ዓይናችን የሚቀላው በቅናት ነው። እሳቸው የሚያዩት የሚበሰብስ መንግሥት ነው። እኛ የምናየው ለማትታወቅ ሴት አስከሬን ስድስት ወር የሚለፋ መንግሥት ነው። ማንኛችን ልክ እንደሆንን አላውቅም፣ ምናልባት ክስ ማቅረብ ራሱ የሚቻለው የሚሰማ ዳኛ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው ብቻ ይሆናል፣ ማርክሲስት ቢሆንም እንኳ።

ስም ብቻ

ስለ አጎቴ ብዙ የማውቀው የለኝም፣ ቤታችን ውስጥ ዝም አይነቅዝም የሚባለው ተረት ሕግ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ሌሊት መጥተው ወሰዱት። አያቴ እስር ቤት ስንቅ ታመላልስ ነበር፣ አንድ ቀን በር ላይ ያለው ሰው "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አላት። በቃ። የዛን ዘመን ሰው ይሄ አረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አስከሬን አልተሰጣትም፣ ለቅሶ መቀመጥ አልተፈቀደላትም፣ ጎረቤት በጓሮ በር እየገባ እጇን ጨብጦ ይወጣ ነበር አሉ። እናቴ ያኔ ልጅ ናት።

ጠያቂ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን ውሸት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፣ ችሎቱ በ1994 ታህሳስ ተከፈተ፣ መንግሥቱ በሌለበት ጥፋተኛ የተባለው በ2006 ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ደግሞ አለ፣ ከአርጀንቲና የአጥንት ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው ነበር፣ የራሳቸውን አገር ወታደራዊ መንግሥት ያጠፋቸውን ሰዎች አጥንት ከመሬት እያወጡ ስም የሚመልሱ ሰዎች፣ እኛም አገር የጅምላ መቃብር ከፍተው አጥንት ለይተዋል። ከዛ መሃል ስማቸው የተመለሰላቸው አሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ከስንት ዓመት በኋላ ቀብረዋቸዋል። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በ2010 ሲከፈት እናቴ ሄዳ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። የሱ አልነበረም። ሌላ ቦታ አልሄደችም ከዛ በኋላ።

ሮሴአና አስከሬን አላት ስም የላትም። የኛው ስም አለው አስከሬን የለውም። ይሄን ካሰብኩ በኋላ ነው የአይስላንዱ ደራሲ አርናልዱር ኢንድሪዳሶን ለምን ከሁሉም በላይ እንደሚያመኝ የገባኝ። የሱ መርማሪ ኤርለንዱር ልጅ እያለ ከታናሽ ወንድሙ ጋ ተራራ ላይ የበረዶ ማዕበል ይይዛቸዋል፣ እሱ ይተርፋል፣ ወንድሙ አይገኝም፣ አስከሬኑም አይገኝም። ካደገ በኋላ ሙሉ ዕድሜውን ማታ ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያነበው በዱር በበረዶ ስለጠፉ ሰዎች ነው። አይስላንድ ትንሽ አገር ናት፣ ብዙ ጊዜ በዓመት የሚገደለው ሰው ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም፣ ደራሲው ግን ገዳይ ፍለጋ ላይ አይደለም ትኩረቱ፣ የጠፋ ሰው ላይ ነው።

አንደኛው መጽሐፉ ውስጥ ሬይኪያቪክ ዳር አዲስ ቤት በሚሠራበት ቦታ የድሮ አጽም ይገኛል። ፖሊስ በአካፋ ዝቆ አያወጣውም፣ ለአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ በብሩሽ፣ በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ፣ አንባቢው እስኪያብድ ድረስ ቀስ እያሉ ይቆፍራሉ። መጽሐፉ እያለቀ ነው አጽሙ የሚወጣው። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያማርራል፣ ስሎው ነው፣ ቦሪንግ ነው ይላል። እኔ ከዛ ቁፋሮ ላይ አንድ ገጽ እንዲቀነስ አልፈልግም። አጎቴን ማንም በብሩሽ አልፈለገውም።

እኛም የራሳችን የምርመራ ባህል ነበረን እኮ፣ አውጫጭኝ። ሰው ሲገደል ወይ ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ያልመጣ ይቀጣል፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ጨካኝ ሊሆን ይችላል፣ ንፁህ ሰው ስንት ቀን ከሥራው ይቀራል፣ ቂመኛም ይጠቀምበታል። ግን ከሥሩ ያለው ሐሳብ እነዚህ ስካንዲኔቪያኖች ስንት ገጽ የሚፈጁበት ነው፣ አንድ ሰው ሲሞት የሚጠየቀው ሰፈሩ ነው የሚለው። ልዩነቱ የነሱ ሰፈር ሜዳ ላይ አይወጣም፣ መርማሪው በር በበር እየሄደ ያንኳኳል፣ እነሱም ቡና አፍልተው አላየንም አልሰማንም ይሉታል።

በ1969 ዓ.ም. ሁለት ስዊድናውያን

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋ የማይገጥም ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን በጣም ያወዛገበኝ።

ስቲግ ላርሶንን ታውቁታላችሁ፣ መጽሐፉን ባታነቡ ፊልሙን አይታችኋል፣ ጀርባዋ ላይ ድራጎን የተነቀሰችው ልጅ። በስዊድንኛ የመጽሐፉ ርዕስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ነው። ሦስቱን መጻሕፍት ጽፎ አንዱም ሳይታተም በ2004 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ፣ ዓለምን ያጥለቀለቁት ከሞተ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የስዊድን ናዚዎችን ሲከታተል የኖረ ጋዜጠኛ ነው። እሱን ሁሉም ያውቃል። እኔ የማላውቀው የነበረው ይሄን ነው፣ በ1977 ኤርትራ ሄዶ የሻዕቢያ ሴት ተዋጊዎችን ላውንቸር አተኳኮስ አሰልጥኗል። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ የግራ ክንፍ ወጣት። ከመሄዱ በፊት ኑዛዜ ጽፎ ነበር፣ ንብረቴን ኡሜኦ ከተማ ላሉት ጓዶቼ ብሎ፣ ኑዛዜው ምስክር ያልፈረመበት ስለሆነ ከሞተ በኋላ ዋጋ አላገኘም፣ ጋብቻ ስላልፈጸሙም 32 ዓመት አብራው የኖረችው ሴት በሕግ ምንም አልወረሰችም። ይሄ ራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

1977 ማለት በኛ ከግማሽ በላዩ 1969 ነው። አጎቴን የወሰዱበት ዓመት። በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ሌላ ስዊድናዊ፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው፣ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ያደራጀው፣ ጎዴ ላይ የሶማሌ ጦር ሲያጠቃ ተገደለ። አስቡት፣ በአንድ ዓመት አንዱ ስዊድናዊ ደቡብ ምሥራቅ ላይ ለኢትዮጵያ ይሞታል፣ ሌላው ሰሜን ላይ የኢትዮጵያን ጦር የሚመታ መሣሪያ ያስተምራል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ያው መንግሥት የራሱን ልጆች ይረሽናል።

መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ ልበል፣ ደርግን የታገለ ሰው ነው፣ አጎቴን የገደለውን መንግሥት። ትንሽ ቆይቼ ግን እዛ ላውንቸር ፊት ለፊት ማን ነበር ብዬ አሰብኩ። ከየገጠሩ ታፍሶ የሄደ የገበሬ ልጅ ነዋ። የኛ ሰፈር ልጅ ነዋ። እሱንስ ማን ጠየቀለት? የዛኛውስ ወገን ሴቶች፣ ላርሶን ያሰለጠናቸው፣ ስንቶቹ ተመለሱ፣ አስመራ ያለችው እናት አጽም አገኘች? የድሮ ሰው በአንዲት ግጥም ነው የጨረሰው፦ የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ። ማርቲን ቤክ እዚህ ቢመጣ ምን ፎቶ ይለቅማል?

ላርሶን ይሄን በመጽሐፎቹ ውስጥ ተሸክሞት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ድራጎኗ ልጅ መንግሥት የበደላት ልጅ ናት፣ ፍርድ ቤትና ሐኪም ተባብረው ዕብድ ያሏት፣ ስለዚህ ፖሊስ አትጠራም፣ ራሷ ትበቀላለች። ከሾቫልና ቫሉ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ ይሄ ይመስለኛል፣ አንባቢው ጠያቂ ፍለጋ ትቶ ተበቃይ ፍለጋ ገባ። የሚሸጠው እሱ ነው፣ ይገባኛል፣ እኔም በሁለት ሌሊት ነው የጨረስኩት። ግን በቀል አጎቴን ምን ይጠቅመዋል፣ ያ ስንቅ አታምጪ ያለው ዘበኛ እኮ እስከ ዛሬ ሞቶ ይሆናል።

ስቬያቬገን

እንዲህ ስጽፍ ስዊድን ሁሉን ሟች የምትጠይቅ አገር መስላ እንዳትታያችሁ። በሥራ ቀን የማልፍበት አንድ መንገድ አለ፣ ስቬያቬገን፣ መሃል ስቶክሆልም። እዛ ጥግ ላይ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986፣ ዓርብ ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልመ ከሚስቱ ጋ ሲኒማ አይቶ ያለ ጠባቂ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኋላው ተተኩሶበት ሞተ። ሾቫልና ቫሉ በመጽሐፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ከገደሉ 11 ዓመት በኋላ። ምርመራው ደግሞ ቀልድ ነው የመሰለው፣ ፖሊስ ያጠረው ቦታ ጠባብ ስለነበር ሰው ደሙ አጠገብ ድረስ ይሄድ ነበር፣ ሁለቱን ጥይቶች ያገኙት መንገደኞች ናቸው። አንድ ሰው ተፈርዶበት ይግባኝ ላይ ነፃ ወጣ። በ2020 ዐቃቤ ሕጉ ከ20 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ስም ጠርቶ መዝገቡን ዘጋው፣ ብዙ ሰው አላመነውም። የጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ገዳይ ያላገኘ አገር ነው እንግዲህ በመጽሐፍ ማንንም የሚያገኘው። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ እዛ አገር እንዲህ የበዛው ከዛ ሌሊት በኋላ ቢሆን አይገርመኝም፣ ልብ ወለዱ የጎደለውን ሲሞላ።

ከዛም በፊት ያልተጠየቀ አለ። ከ1934 እስከ 1976 በነበረው ሕግ 63 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ እንዳይወልዱ ተደርገዋል፣ ብዙዎቹ ተገደው ወይ ተታለው። ነገሩ በሰፊው ያነጋገረው በ1997 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። እኛን መሰል መጤዎችስ? ማንኬል ግማሽ ሕይወቱን ሞዛምቢክ፣ ማፑቶ፣ ቲያትር ቤት ሲመራ የኖረ ሰው ነው፣ ከአፍሪካ ሲመለስ አገሩ ውስጥ ያየው ዘረኝነት ነው ቫላንደርን ያስጻፈው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ አንዲት አሮጊት ልትሞት ስትል "ባዕድ" የምትል ቃል ትተነፍሳለች፣ ወሬው ይወጣል፣ ከዛ በስደተኞች ላይ ይዘመታል፣ አንድ ምንም ያላደረገ ሶማሌ መንገድ ላይ ይገደላል። ቫላንደር የሱንም ገዳይ ይፈልጋል፣ እኩል ይፈልጋል። በዛው ዓመት ስቶክሆልም ውስጥ በእውነት አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ፀጉራቸው የጠቆረ ሰዎችን መተኮስ ጀመረ፣ ሌዘር ሰው ይሉት ነበር፣ 11 ሰው ተኩሶ አንድ ኢራናዊ ተማሪ ገድሏል። ያኔ እዚህ የነበሩ የኛ ሰዎች ማታ ከባቡር ሲወርዱ እንዴት ይሮጡ እንደነበር አሁንም ያወራሉ።

እና ለምን አነበዋለሁ? ስለማምነው አይደለም። በመጽሐፍ ውስጥ እንኳ አንዴ ሲሆን ማየት ስለምፈልግ ይመስለኛል። የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል ይላል ኦሪት፣ እግዜር ቃየንን የጠየቀው ግን "ወንድምህ አቤል ወዴት ነው" ብሎ ነው፣ መልሱን እያወቀ መጠየቁን አልተወውም። ኖርዌዮች ደግሞ ይሄን ንባብ የፋሲካ ባህል አድርገውታል፣ በ1923 የአንድ ባቡር ዘረፋ ልብ ወለድ ማስታወቂያ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ዜና መስሎ ወጥቶ ሕዝቡ ደንግጦ ነበር አሉ፣ ከዛ ጀምሮ ለፋሲካ ዕረፍት ተራራ ላይ ወዳለ ጎጆ ሲወጡ የግድያ መጽሐፍ ይዘው ነው፣ የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አጫጭር የወንጀል ታሪክ ይታተማል። እኛ ዶሮ ስናርድ እነሱ ሰው ያሳርዳሉ አለች አንዷ ጓደኛዬ።

ሴትዮዋ የአሁኖቹ ደም ብቻ ናቸው ያሉኝ እውነት ነው። ገዳዩ ሊቅ የሆነበት፣ የተገደሉት ሴቶች ደግሞ ከአንድ ምዕራፍ ያልዘለሉበት መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ጣሉት፣ ለኔ መለኪያው ያ ነው፣ ከሟቿ ጋ ስንት ገጽ ይቆያል። መጀመር የምትፈልጉ «ሮሴአና»ን በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ቀጭን ናት፣ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች ታገሷት፣ ከዛ አይስላንዱን ያዙ።

እኔ ግን አሁን የምፈልገው ሌላ መጽሐፍ ነው፣ እስካሁን አላገኘሁትም። በአማርኛ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ በ1985 ዓ.ም. የሚሠራ አንድ መርማሪ፣ ጨጓራውን የሚያመው፣ ደሞዙ የማይበቃው፣ ሚስቱ ይሄን ሬሳ ቤት ይዘህ አትግባ የምትለው። ደርግ ሲገድል ይጽፍ ነበር እኮ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈረመ፣ ከየቀበሌው የተሰበሰበው ወረቀት ክፍል ሙሉ ነበር። ሰውዬው እዛ ወረቀት መሃል አንድ ስም ይዞ ይቀመጥ፣ የታወቀ ሰው ስም ሳይሆን፣ የማንም ልጅ። በር በበር ያንኳኳ፣ ቡና ይፈላለት፣ አላየንም አልሰማንም ይበሉት፣ ነገም ተመልሶ ያንኳኳ። ገዳዩን ባያገኘው ግድ የለኝም፣ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ይጠይቅልኝ። ከናንተ መሃል እንዲህ ያለ የጀመረ ካለ ረቂቅም ቢሆን ላኩልኝ፣ የፊደል ግድፈቱን በነፃ አርማለሁ።